ባለቤት የሌለውን ሰርቨር ተረከቢው

ልጄ፣ በአይቲ ክፍል ሥራ መጀመርሽን ስሰማ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። የመጀመሪያ ኃላፊነትሽ የፕሪንተሮቹን ጉዳይ መከታተል መሆኑን ስትነግሪኝ ግን ድምፅሽ ቀዝቀዝ አለብኝ። አይክፋሽ። በብዙ መሥሪያ ቤት ይህ ሥራ ለጀማሪ የሚሰጠው ሌላው ሁሉ ስለሚሸሸው ነው። ሁሉም ስለሚሸሸው ሳይታይ ይከርማል፤ ሳይታይ ስለከረመም ለጠላፊ ይመቻል። ዕድሜዬን የጨረስኩት በዚህ ሙያ ነውና የምነግርሽን በጥሞና ስሚኝ፤ ብዙ ጊዜ ኔትወርክ የሚሰበረው “ይሄ የእኔ ሥራ አይደለም” በተባለው ቦታ በኩል ነው። የፕሪንተር ማስተዳደሪያ ሶፍትዌር ደግሞ ከእንዲህ ዓይነት ቦታዎች ግንባር ቀደሙ ነው። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ሌላ ካላልኩ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. ያለውን በእግርሽ ዞረሽ ቁጠሪ።

ከሁሉ በፊት ምን እንዳለሽ እወቂ። በንብረት ክፍል ያለውን ዝርዝር ብቻ አትመኚ፤ እሱ ስለ ማሽኑ እንጂ ስለ ሶፍትዌሩ አይነግርሽም። ከቢሮ ቢሮ ሂጂ። የእያንዳንዱን ፕሪንተር ሞዴል፣ የአይፒ አድራሻና የፈርምዌር ስሪት መዝግቢ። ከዚያ ከፕሪንተሩ ጀርባ ያለውን ፈልጊ። የኅትመት ሥራውን የሚያሰልፈው ሰርቨር የቱ ነው? የሠራተኛውን የገጽ ኮታ የሚቆጥረው ሶፍትዌርስ? ስካን የተደረገውን ወደ ኢሜይል የሚልከው? ቶነር ሲያልቅ የሚያስታውቀው? አንድ ጥግ ላይ ከጠረጴዛ ሥር የተቀመጠ አሮጌ ኮምፒዩተር ታገኚና “እሱን እንዳትነኪው፣ ፕሪንተሩ የሚሠራው በሱ ነው” ትባያለሽ። እሱንም መዝግቢ፤ ከሁሉም በላይ እሱን።

ከእያንዳንዱ ፕሮግራም አጠገብ አራት ነገር አስፍሪ፦ መቼ ተጫነ፣ ለመጨረሻ ጊዜ መቼ ታደሰ፣ በየትኛው አካውንት ሥልጣን ይሠራል፣ አምራቹ ዛሬም ይደግፈዋል ወይ። መልስ ያጣሽለትን ቦታ ባዶውን ተዪው፤ ግምት አትጻፊበት። ሥራሽ ከዚያ ባዶ ቦታ ይጀምራል።

2. “ይሠራል” ማለት “ደኅና ነው” ማለት እንዳይመስልሽ።

በዚህ ሙያ ደጋግመሽ የምትሰሚው ቃል “እየሠራ ነው፣ ለምን እንነካዋለን?” የሚል ነው። ለዚህ ቃል መልስ የሚሆን ታሪክ ልስጥሽ። በሜይ 2020 ማይክሮሶፍት በዊንዶውስ የኅትመት አገልግሎት ውስጥ ያለ ክፍተት ደፈነ፤ ተመራማሪዎች ፕሪንትዲመን ብለው የሰየሙት ነው። ችግሩ እስከ ዊንዶውስ ኤንቲ 4 ድረስ፣ ማለትም እስከ 1996 ድረስ ወደ ኋላ ይሄዳል። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ወረቀቱ ያለ እንከን ይታተም ነበር።

ሌላም አለ። በጁላይ 2021 የሴንቲኔልዋን ተመራማሪዎች በኤችፒ፣ በሳምሰንግና በዜሮክስ ፕሪንተሮች ድራይቨር ውስጥ ከ2005 ጀምሮ የኖረ ክፍተት ይፋ አደረጉ። ድራይቨሩ አንዴ ከተጫነ ፕሪንተሩ ቢነቀልም፣ ኮምፒዩተሩ በተነሣ ቁጥር አብሮ ይነሣል። ተራ ተጠቃሚ በዚያ በኩል የኮምፒዩተሩን ሙሉ ሥልጣን ሊጨብጥ ይችል ነበር። እንግዲህ ከዓመታት በፊት የተሸጠ ፕሪንተር ድራይቨሩን ትቶልሽ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የማያገለግል ድራይቨር ስታገኚ “ምን ይጎዳል?” ብለሽ አትለፊው፤ አውጪው።

3. ሥልጣኑን እዪ።

“ጠላፊ ፕሪንተር ውስጥ ምን ይፈልጋል?” ብለሽ ትጠይቂ ይሆናል። ስፑለር የሚባለው የዊንዶውስ አገልግሎት ከተራ ሠራተኛ ትእዛዝ ይቀበላል፤ የሚሠራው ግን በኮምፒዩተሩ ከፍተኛ ሥልጣን ነው። ፋይል ይጽፋል፣ ድራይቨር ይጭናል፣ ከሌሎች ኮምፒዩተሮች ጋር በኔትወርክ ይነጋገራል። ከማንም ሰምቶ በጌታ ሥልጣን የሚፈጽም ፕሮግራም ነው። ጠላፊ ከዚህ የተሻለ ምን ይመኛል?

በ2010 የተገኘውና የኢራንን የናታንዝ የዩራኒየም ማበልጸጊያ ያጠቃው ስታክስኔት ከተሰራጨባቸው መንገዶች አንዱ ይኸው ስፑለር ነበር። ፕሪንተሩን ለሌሎች ወደሚያጋራ ኮምፒዩተር የኅትመት ትእዛዝ መስሎ ይሄዳል፤ ወረቀት ላይ መውጣት ሲገባው ፋይል ሆኖ የሲስተም ፎልደር ውስጥ ይቀመጣል። ክፍተቱ በኤፕሪል 2009 በአንድ የኮምፒዩተር ደኅንነት መጽሔት ተጽፎ ነበር። የተደፈነው በሴፕቴምበር 2010 ነው።

በ2021 ደግሞ ፕሪንትናይትሜር መጣ። ማይክሮሶፍት ጁን 8 ቀን የስፑለር ፓች፣ ማለትም ክፍተት መድፈኛ፣ አወጣ። በወሩ መጨረሻ ተመራማሪዎች ያገኙት ክፍተት በዚያ ፓች የተዘጋ መስሏቸው ማጥቂያውን ኮድ ለሕዝብ ለቀቁት። ክፍተቱ ግን ሌላ ነበር፤ ኮዱን ቢያነሱትም ቀድሞ ተቀድቷል። ተራ የተጠቃሚ አካውንት ያለው ሰው ራሱ ያዘጋጀውን ድራይቨር አስጭኖ ሰርቨሩን መቆጣጠር ቻለ። ማይክሮሶፍት ጁላይ 6 አስቸኳይ ፓች ማውጣት ጀመረ፤ መደበኛ ድጋፉ ካበቃ ከዓመት በላይ ለሆነው ለዊንዶውስ 7 ጭምር። ጁላይ 13 የአሜሪካ የሳይበር ደኅንነት ኤጀንሲ ሲሳ የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች የሠራተኞችን መግቢያ በሚቆጣጠሩት ዋና ሰርቨሮች፣ በዶሜይን ኮንትሮለሮቻቸው ላይ ስፑለሩን እንዲያጠፉ አዘዘ።

ያ ትእዛዝ ላንቺም ምክር ነው። ማተም የማያስፈልገው ሰርቨር ላይ ሁሉ ስፑለሩን አጥፊ፤ ከዶሜይን ኮንትሮለሩ ጀምሪ። ድራይቨር የመጫን መብትም ለአድሚን ብቻ ይሁን።

4. ፓች በወጣ ዕለት ሩጫው እንደተጀመረ ቁጠሪው።

ከሁሉ አብልጬ የማስተምርበት የፔፐርከት ታሪክ ነው፤ በዝርዝር ልንገርሽ። ፔፐርከት መቀመጫው አውስትራሊያ የሆነ ኩባንያ ነው። ሶፍትዌሩ ማን ስንት ገጽ እንዳተመ ይቆጥራል፣ ኮታ ይሰጣል፣ ሰልፉን ያስተዳድራል። ትምህርት ቤቶችና ዩኒቨርሲቲዎች በብዛት ይጠቀሙበታል። በጃንዋሪ 2023 ተመራማሪዎች አንድ ክፍተት እንዳለበት ለኩባንያው አስታወቁ። ሶፍትዌሩ መጀመሪያ ሲጫን “ዝግጅቱ ተጠናቋል” የምትል ገጽ አለችው። ያቺን ገጽ ከውጭ የከፈተ ሰው ፓስወርድ ሳይጠየቅ አድሚን ሆኖ ይገባ ነበር። ከገባ በኋላ ለፕሪንተሮች ተብሎ በተሠራው የስክሪፕት መጻፊያ በኩል የፈለገውን ትእዛዝ በሰርቨሩ ከፍተኛ ሥልጣን ያስፈጽማል። የክብደት ደረጃው ከ10 ነጥብ 9.8 ተሰጠው። ከስሪት 8.0 ጀምሮ ያሉት ሁሉ ተጋላጭ ነበሩ፤ በጊዜው የነበረው አዲሱ ስሪት 22 ስለነበር ክፍተቱ ለረጅም ዓመታት አብሮ እንደኖረ አስቢ።

ኩባንያው ፓቹን ማርች 8 ቀን 2023 አወጣ። ጥቃቱ የጀመረው በኤፕሪል አጋማሽ ነው። በመካከሉ ከአንድ ወር በላይ ነበር። በዚያ ጊዜ ውስጥ ያደሰ በሰላም አደረ፤ ያላደሰ ክሎፕና ሎክቢት የተባሉትን ራንሰምዌሮች ከሚያሰራጩ ሰዎች ጋር ተገናኘ። በሜይ መጀመሪያ ብለዲ የተባለ ሌላ ቡድን በዚያው ክፍተት ወደ ትምህርት ተቋማት ገባ፣ መረጃ ሰረቀ፣ ፋይል ቆለፈ፣ ገንዘብ ጠየቀ። ኤፍቢአይና ሲሳ ሜይ 11 ባወጡት የጋራ ማስጠንቀቂያ፣ በአሜሪካ ለኢንተርኔት ከተጋለጡት የፔፐርከት ሰርቨሮች 68 በመቶ ያህሉ የትምህርት ተቋማት እንደሆኑ ገለጹ።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ያዢ። መድኃኒቱ ከበሽታው ቀድሞ ደርሶ ነበር። ፓቹ ራሱ ደግሞ የቱ ጋ ክፍተት እንደነበረ ለሚያነብ ሁሉ ያሳያል፤ ጠላፊዎችም ያነባሉ። ስለዚህ የምትጠቀሚባቸውን የእያንዳንዱን አምራች የደኅንነት ማስታወቂያ በኢሜይል እንዲደርስሽ ተመዝገቢ። ለማስተዳደሪያ ሰርቨርሽ የሙከራና የማደሻ ቀን አስቀድመሽ ወስኚ፤ ፓች ከወጣ በኋላ “መቼ እናድስ?” የሚል ስብሰባ አይጠራ። አባቶች “ሳይቃጠል በቅጠል” ያሉት ለእንዲህ ያለው ጊዜ ነው።

5. ከውጭ የሚታየውን ዝጊ።

ብዙ የኔትወርክ ፕሪንተሮች በፖርት 9100 የመጣላቸውን ሁሉ ያትማሉ፤ ማን እንደላከው አይጠይቁም። ይህ አሠራር የተለመደው ቢሮው የራሱ ሰዎች ብቻ ያሉበት ዝግ ዓለም በነበረበት ዘመን ነው። በ2018 መጨረሻ አንድ ሰው ለኢንተርኔት የተጋለጡ 50,000 ያህል ፕሪንተሮች ላይ የአንድ ዩቲዩበር ማስታወቂያ አተመ። የወጣው ወረቀት ብቻ ስለነበር ብዙዎች ሳቁ። በዚያው በር ከቀልድ ሌላ ዓላማ ይዞ የሚመጣ እንዳለ ግን የሳቁት አላሰቡም።

“እኛ ሊኑክስ ነው የምንጠቀመው” በሚል መጽናናትም አይበቃም። በሴፕቴምበር 2024 ሲሞኔ ማርጋሪቴሊ የተባለ ጣሊያናዊ ተመራማሪ ሊኑክስ በሚጠቀምበት በካፕስ የኅትመት ሥርዓት ውስጥ ተያያዥ ክፍተቶችን ይፋ አደረገ። ፕሪንተር ፈልጎ የሚያገኘው ክፍል በፖርት 631 “አዲስ ፕሪንተር ነኝ” ያለውን ሁሉ ያምን ነበር። ሠራተኛው በዚያ ሐሰተኛ ፕሪንተር ለማተም ሲሞክር የጠላፊው ትእዛዝ ይፈጸማል።

ስለዚህ ማንኛውም ፕሪንተርም ሆነ የፕሪንተር ማስተዳደሪያ ገጽ ከኢንተርኔት እንዳይታይ አድርጊ። ፕሪንተሮቹን በራሳቸው የኔትወርክ ክፍልፋይ (ቪላን) ለይተሽ አስቀምጪ። ከኅትመት ሰርቨሩ በቀር ማንም በቀጥታ አያናግራቸው፤ የአስተዳደር ገጻቸውንም ከአይቲ ክፍል ኮምፒዩተሮች ውጪ ማንም አይክፈት። ይህ እርምጃ ብዙ ጊዜ አዲስ ዕቃ መግዛት አይጠይቅም፤ ባለው ስዊችና ፋየርዎል ይሠራል። አሮጌ ሶፍትዌር ለያዘ መሥሪያ ቤት ከዚህ የተሻለ ርካሽ መከላከያ አላውቅም።

6. ፋብሪካ የሰጠውን ፓስወርድ አንድ ቀን እንኳ አታሳድሪ።

በኦገስት 2019 ማይክሮሶፍት እንዳስታወቀው፣ ከሩሲያ መንግሥት ጋር የሚያያዝ አንድ የጠላፊዎች ቡድን በኢንተርኔት ስልክ፣ በቢሮ ፕሪንተርና በቪዲዮ ዲኮደር በኩል ወደ ድርጅቶች ኔትወርክ ለመግባት ሞክሯል። በሁለቱ አጋጣሚዎች መሣሪያዎቹ የፋብሪካ ፓስወርዳቸው አልተቀየረም ነበር። በሦስተኛው አፕዴት አልተደረገም ነበር።

በጁን 2025 ራፒድ7 የተባለው ድርጅት ይፋ ያደረገው ደግሞ ይበልጥ ያስደነግጣል። በመቶዎች በሚቆጠሩ የብራዘር ሞዴሎች የፋብሪካው ፓስወርድ ከማሽኑ ሲሪያል ቁጥር በስሌት የሚወጣ ነው፤ ሲሪያሉን ደግሞ ከማሽኑ ከርቀት ማወቅ ይቻል ነበር። አስቀድመው ለተመረቱት ማሽኖች ፈርምዌር ማደስ ችግሩን ሙሉ በሙሉ አይፈታም። የሚፈታው ፓስወርዱን በእጅ መቀየር ነው።

ብዙ ሰው የማያስተውለውንም ልጨምርልሽ። ስካን ወደ ኢሜይል ወይም ወደ ፎልደር እንዲልክ የተዘጋጀ ማሽን የአንድ አካውንት ስምና ፓስወርድ በውስጡ ይዟል። የአስተዳደር ገጹን የከፈተ ጠላፊ የሰርቨሩን አድራሻ ወደ ራሱ ኮምፒዩተር ይለውጥና ማሽኑ ፓስወርዱን ራሱ እንዲልክለት ያደርጋል። ያ አካውንት የዶሜይን አድሚን ከሆነ መሥሪያ ቤቱ በሙሉ ተላልፎ ተሰጠ ማለት ነው። ስለዚህ ለስካን ሥራ ሌላ ምንም መብት የሌለው አካውንት ክፈቺ። መሣሪያዎችን በኔትወርክ ለመከታተል የሚያገለግለው ኤስኤንኤምፒ የሚጠቀምበትን “ፐብሊክ” የሚል የፋብሪካ ቃልም ለውጪ፤ ማሽኑ የሚችል ከሆነ ስሪት 3ን ተጠቀሚ።

7. የፕሪንተርን ብልሽት አትናቂ።

ጠላፊዎች የባንግላዴሽን ብሔራዊ ባንክ ኔትወርክ አስቀድመው ሰብረው ገብተው ነበር። በፌብሩዋሪ 2016 በኒውዮርክ ፌዴራል ሪዘርቭ ካለው የባንኩ ሒሳብ ወደ አንድ ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ገንዘብ ለማውጣት ትእዛዝ ላኩ። ስዊፍት በተባለው የባንኮች መልእክት መረብ የሚመጡ የዝውውር ማረጋገጫዎችን እያተመ የሚያወጣ ፕሪንተር በባንኩ ነበር፤ ሰርጎ የገባው ፕሮግራም ያንን ኅትመት እንዲያስተጓጉል ተደርጎ ተሠርቷል። ዓርብ ፌብሩዋሪ 5 ሠራተኞቹ ፕሪንተሩ እንደማይሠራ አዩ፤ እንደ ሌላው ቀን ብልሽት ቆጠሩት። ወደ ፊሊፒንስ 81 ሚሊዮን ዶላር ሄደ።

ስለ ፕሪንተር የሚደወል ስልክ ሁሉ የጥቃት ምልክት ነው እያልኩሽ አይደለም። አብዛኛው የተያዘ ወረቀትና ያለቀ ቶነር ነው። ግን ያለ ምክንያት ራሱን ያጠፋ የኅትመት አገልግሎት፣ ማንም ያልጨመረው ድራይቨር፣ ሌሊት የተከፈተ የአስተዳደር ገጽ፣ ከኅትመት ሶፍትዌሩ ሥር የተነሣ ፓወርሼል የተባለ የትእዛዝ ማስፈጸሚያ ካየሽ ሪስታርት አድርገሽ አትለፊ። ሎጉን መጀመሪያ ቅጂ፤ ከዚያ ለኃላፊሽ አሳውቂ። ሎጉም በዚያው ሰርቨር ላይ ብቻ አይቀመጥ፤ ሰርቨሩን የያዘ ሰው ሎጉን ይሰርዘዋልና።

8. መታደስ የማይችለውን አግልዪ፣ የሚወጣበትንም ቀን ቁረጪ።

አምራቹ ድጋፍ ያቆመለት ሶፍትዌር ማግኘትሽ አይቀርም። ዊንዶውስ ሰርቨር 2012 በኦክቶበር 2023፣ ዊንዶውስ 10 በኦክቶበር 2025 መደበኛ ድጋፋቸው አብቅቷል። በጀት እስኪገኝ እጅሽን አጣጥፈሽ አትጠብቂ። ማሽኑን ከኢንተርኔት ነጥዪ፣ ማን ሊደርስበት እንደሚችል ወስኚ፣ ባክአፑን ሌላ ቦታ አስቀምጪ፣ “እስከዚህ ቀን ድረስ ይወጣል” ብለሽ ቀኑን ጻፊ። ቀን ያልተቆረጠለት ጊዜያዊ መፍትሔ ቋሚ ይሆናል። አዲስ ሲገዛም ቀላሉን መንገድ ምረጪ፤ ማይክሮሶፍት በሴፕቴምበር 2023 የአምራቾችን የፕሪንተር ድራይቨሮች መደገፍ ቀስ በቀስ እንደሚያቆም አስታውቋል። ስለዚህ የተለየ ድራይቨር ሳይፈልግ አምራቾች በጋራ በሚጠቀሙበት የኅትመት ደንብ የሚሠራ ማሽን ይሻላል።

ማሽን ሲወገድም የሃርድ ዲስኩን ነገር አትርሺ። አፊኒቲ የተባለው የኒውዮርክ የጤና መድን ድርጅት በኪራይ ይጠቀምባቸው የነበሩ የፎቶኮፒ ማሽኖችን ዲስካቸውን ሳያጠፋ መለሰ። እስከ 344,579 የሚደርሱ ሰዎች የጤና መረጃ ሳይጋለጥ አልቀረም ተብሎ በ2013 1,215,780 ዶላር ለመክፈል ተስማማ።

9. ለማሳመን ብለሽ አትስበሪ።

አለቆችሽ ሳይሰሙሽ ሲቀሩ “ሰብሬ ላሳያቸው” የሚል ሐሳብ ይመጣብሻል። ተዪው። በእኛ አቆጣጠር በ2008 የወጣው የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ ወደ ኮምፒዩተር ሥርዓት መግባትን ወንጀል አድርጎታል፤ ቅን ልብሽን የሚያይልሽ የለም። መፈተሽ ካስፈለገ በጽሑፍ ፈቃድ፣ በተወሰነ ቀንና በተወሰነ ማሽን ላይ ይሁን።

ለአለቃ ስትጽፊ የክፍተት ቁጥር አትደርድሪ። በዚያ ፕሪንተር ውስጥ የሚያልፈውን ንገሪው፤ የደመወዝ ዝርዝር፣ የፈተና ወረቀት፣ የሕመምተኛ ውጤት፣ የጨረታ ሰነድ። ከዚያ ምን መደረግ እንዳለበት፣ ስንት ሰዓት ሥራ እንደሚያስቆምና ምን ያህል እንደሚያስወጣ በአንድ ገጽ አቅርቢ። መልሱ “አይሆንም” ቢሆንም በጽሑፍ ይሁን። ሠራተኞቹንም አትቆጪ፤ የሚጮህባቸው ሰው ዘንድ ችግር ይዘው አይመጡም።

10. ለሚተካሽ ጽፈሽ ተዪ።

አንቺም አንድ ቀን ወደ ሌላ ክፍል ወይም ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት ትሄጃለሽ። ዛሬ የምታማርሪባቸው ሰርቨሮች እንዲህ የሆኑት ያቆማቸው ሰው አንድም ገጽ ሳይጽፍ ስለሄደ ነው። ያስተካከልሽውን፣ ያላስተካከልሽውንና ያላስተካከልሽበትን ምክንያት ጻፊ። ፓስወርዶቹን በመሥሪያ ቤቱ የፓስወርድ ማስቀመጫ አስረክቢ፤ በራስሽ ደብተር ይዘሽ አትሂጂ።

ሰኞ ጠዋት ከአንደኛው ምክር ጀምሪ፣ ሌላው ተከትሎ ይመጣል። ዝርዝርሽ ላይ ላለ ለእያንዳንዱ ማሽንና ፕሮግራም “ይሄስ የማን ነው?” ብሎ የሚጠይቅ ሲመጣ የአንድ ሰው ስም ተጽፎ ካገኘ ሥራሽን ሠርተሻል። እስከዚያው ድረስ ስም በሌለበት መስመር ሁሉ ላይ የራስሽን ጻፊ።